አድማጭ የሚመረጥበት ከተማ

ትናንት እሑድ፣ በጠራራ ፀሐይ ተኝቼ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም አይፈታም ይላሉ። እኔም ፍቱልኝ አልልም። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ክረምቱን ልናገር፤ ሕልሙ የመጣው ከክረምቱ ነውና።

ክረምቱ ከበደ። ሰኔ ሲገባ ጣራዬ ያፈስ ጀመር። ሐምሌ ላይ የጓሮው አጥር ተናደ። መብራት ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ይቆያል። ጉልበቴ አበጠና ቤት ዋልኩ። ሽንኩርት ተወደደ፤ ሽሮዬን ያለ ሽንኩርት ሠራሁ። ነሐሴ እንደገባ ብርዛፍ ሞተች።

ብርዛፍ ደሳለኝ ዘፋኝ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ሞቷን በራዲዮ ሰማ። ሰምቶም ወደ ክንፈ ቤት ሄደ።

ክንፈገብርኤል ጎረቤቴ ነው። በመካከላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ ሆኜ ይማርህ እላለሁ። ሁለታችንም ከክር ፋብሪካው በጡረታ የወጣን ነን። ክንፈ ብርዛፍን እንደሚወድ አገር ያውቃል። ቤቱን በፎቶዋ ሸፍኖታል። የካሴቶቿን ሽፋን በመስታወት አስገብቶ ሰቅሏል። ዘፈኗ በተከፈተ ቁጥር ያለቅሳል፤ ሲያለቅስም በሩን ከፍቶ ነው።

እኔ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት የለም። ስሰማት ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ብርዛፍ ስትሞት ሰው ለቅሶ የመጣው ክንፈ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር ወጣ። ንፍሮ ተቀቀለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። እኔም ዱላዬን ይዤ ሄድኩ።

"እግዜር ያጽናህ" አልኩት።

"አሜን፣ ድንበሩ። ምን ይደረግ፣ የሱ ፈቃድ አይደል" አለኝ፤ እንደ ባል፣ እንደ ወንድም።

ንፍሮ ቆንጥሬ ወጣሁ። እኔን ያጽናናኝ ሰው አልነበረም።

ብርዛፍን ለክንፈ ያሰማሁት እኔ ነኝ። የሠራተኞች ቀን ነበር፤ ፋብሪካው ባንድ አስመጥቶ ነበር። ክንፈ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጠላ ቤት ሲያዘግም እጅጌውን ያዝኩት። "ና፣ አንዲት ልጅ አለች፣ ስማት" አልኩት። እያጉረመረመ ተቀመጠ። ብርዛፍ ወጣችና ዘፈነች። ከዚያ ወዲህ ክንፈ ከሷ አልተለየም። ዓመት ሳይሞላ ከኔ ብሶ ተገኘ።

በዚያ ዘመን የዘፈን ምርጫ የሚባል የራዲዮ ሰዓት ነበር። አድማጭ በፖስታ ይጽፋል፤ ዘፈን ይመርጣል፤ ዘፈኑን የሚጋብዛቸውን ሰዎች ስም ይደረድራል። አቅራቢዋ ስማቸውን አንድ በአንድ ታነብና ዘፈኑ ይለቀቃል። ስሙ የተጠራለት ሰው ደግሞ በተራው ጽፎ የጠራውን ያስጠራል። ሕግ ሆኖ አልተጻፈም፤ ግን ያልመለሰ ሰው በፋብሪካው ግቢ ቀና ብሎ አይሄድም። እኔ ጻፍኩ። የብርዛፍን ዘፈን መርጬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ክንፈን አስጠራሁ። ያን ቀን ክንፈ ከክፍል ክፍል እየዞረ "ሰማችሁ?" ሲል ዋለ።

በኋላ እሱም ጻፈ። ደግሞም ጻፈ። ፎርማኑን አስጠራ። የፎርማኑን አማት አስጠራ። የዘበኛውን ውሻ አስጠራ፤ "ለታማኙ ለቡቺ" ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተነበበ። እኔን አልጠራም። እኔም አልጠየቅኩትም። ብድር በምድር ነው ብዬ ጠበቅኩ። መንግሥት ተለወጠ፤ ፋብሪካው ባለቤት ቀየረ፤ ሚስቴ ሞተች፤ እኔ ግን እንደተበደርኩ ሳይሆን እንዳበደርኩ ቀረሁ።

ጳጉሜን ላይ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ሴት መጣች። ዶክተር ምንታምር ትባላለች። በመጀመሪያ ያንኳኳችው የኔን በር ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የአቶ ክንፈገብርኤል ቤት የትኛው ነው?"

"ለምን ፈለግሽው፣ ልጄ?"

"አድናቂዎችን አጠናለሁ። ዘፋኞችን ብዙ ሰው አጥንቷል፤ የሚሰሟቸውን ሰዎች ግን የጠየቀ የለም።"

እኔ ትምህርቴ ከማታ ትምህርት ቤት አላለፈም። እንዲህ ያለ ጥናት መኖሩን አላውቅም ነበር። ነገሩ ደስ አለኝ። "ልክ ነሽ" አልኳት። ቆሜ ጠበቅኳት፤ ደግሞ ትጠይቀኛለች ብዬ። እሷም ቆማ ጠበቀችኝ፤ ቤቱን እስካሳያት። በዱላዬ አሳየኋት።

ከዚያ በግድግዳው ሁሉን ሰማሁ። የድምፅ መቅጃዋን ስትከፍት ቀጭ ያለው ሳይቀር ተሰማኝ።

"ብርዛፍን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሟት መቼ ነው?"

"በሠራተኞች ቀን ነዋ! ጠላ ልጠጣ ስሄድ አንድ ሰው እጄን ጎትቶ ወሰደኝ።"

"ማን ነበር?"

"አንድ ሰው ነው። የፋብሪካ ሰው። እንግዲያ ስትዘፍን፣ ዶክተር፣ እንባዬ..."

አንድ ሰው። እኔ በግድግዳው በዚህ በኩል፣ ሽሮዬን እያማሰልኩ።

መስከረም ከጠባ በኋላ ዶክተሯ ክንፈን ራዲዮ ጣቢያ ልትወስደው ሆነ። እሑድ ቀትር ላይ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ስለ አድናቂዎች ይወራል፤ ክንፈም የብርዛፍን ዘፈን ይመርጣል ተባለ። ክንፈ ከረባት ተውሶ አሰረ። ሊሄድ ሲል ደጄ ላይ ብቅ አለ።

"ድንበሩ፣ ትሰማኛለህ አይደል?"

"እሰማሃለሁ" አልኩት።

በሬን ዘጋሁ። ራዲዮዬን አጠፋሁ። ግን ግቢው ሁሉ ራዲዮ ከፍቷል፤ ግድግዳው ደግሞ ግድግዳ አይደለም። ከትራሴ ጥጥ መዝዤ፣ ፋብሪካ ማሽን ስር እንደምናደርገው ጠቅልዬ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፈንኩ። ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ሌላ ሰው ሲጠራ ደግሞ አልሰማም አልኩ።

በሕልሜ በራችን ላይ ቆሜ ነበር።

የከተማው አጥር ሁሉ በፖስተር ተሸፍኗል። ፖስተሩ ላይ ዘፋኝ የለም፤ ያለው አድማጭ ነው። ባለሱቁ ከድር መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ፎቶ ተነስቷል። ልብስ ሰፊዋ አበሩ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ዘንበል አድርጋለች። ከሁሉ ትልቁ ግን የክንፈ ነበር። የግራ ጆሮው ብቻ የቤት በር ያህላል። ሰዎች በዚያ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ዘፋኞቹ በየመንገዱ ተሰልፈዋል። ክራር የያዘ አለ፤ ሳክስፎን ያንጠለጠለ አለ። አላፊ አግዳሚውን "እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝ!" እያሉ ይለምናሉ፤ የሰማቸው ሰው ደግሞ ልብሳቸው ላይ ይፈርምላቸዋል። አንድ ወፍራም ዘፋኝ ኮቴን ጨበጠ።

"ጋሼ፣ አድማጭ ነዎት?"

"ነኝ።"

"የማን?"

"የብርዛፍ።"

ፊቴን አየ፤ ቀና ብሎ ፖስተሩን አየ። "አይ፣ የብርዛፍ አድማጭ ክንፈ ነው" አለና ለቀቀኝ። የነካኝን እጁንም በሱሪው ጠረገ።

ታክሲ መጣ። ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ የሚጠራው ግን የሰፈር ስም አልነበረም።

"ክንፈ፣ ክንፈ፣ ክንፈ! የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!"

"እኔ ነኝ" አልኩና ገባሁ።

መሪውን የያዘችው አህያ ነበረች። ሹፌሩ ከፊት ከፊት ጆንያ ተሸክሞ ይሮጣል። አህያዋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ "ቀስ በል፣ አንተ፣ ጉድጓድ አለ" ትለዋለች። ከጎኔ የተቀመጠው ተሳፋሪ አለቀሰ። ለምን ታለቅሳለህ አልኩት። "ወደ ክንፈ መሄድ የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ። እኔ በየቀኑ ነው የማየው፣ ቡና ቤት ሲቀመጥ እግሩን ይዘረጋል፣ ሰው ያሰናክላል አልኩት። አላመነኝም።

"ወራጅ አለ!" አልኩ።

"አባባ፣ እዚህ ሰው አይወርድም" አለ ረዳቱ። "ቦታው ነው የሚሳፈረው።"

በሩን ከፈተ። ስታዲየሙ ገባ። ተጠጋግተን ቦታ ሰጠነው።

በሜዳው መካከል ክንፈ ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኳስ የለም፤ ምንም አያደርግም፤ ይሰማል። መቀመጫዎቹን የሞሉት ምሁራን ናቸው። ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተዋል። ግማሾቹ ቢጫ ሻርፕ አስረዋል፤ ክንፈ የሚያለቅሰው ስለሚወድ ነው ይላሉ። ግማሾቹ ቀይ ሻርፕ አስረዋል፤ ክንፈ የሚወደው ስለሚያለቅስ ነው ይላሉ። ከበሮ ይመታሉ፤ መጽሐፍ ይወራወራሉ።

"ማጣቀሻ የለውም! ማጣቀሻ የለውም!" ይላሉ ቢጫዎቹ።

"ዳኛው አላነበበም!" ይላሉ ቀዮቹ።

አንድ ጺማም ፕሮፌሰር ሸሚዙን አውልቆ ደረቱ ላይ "ምዕራፍ ሁለት" ብሎ ጽፏል። ዶክተር ምንታምር አጥሩ ላይ ወጥታ ጥሩምባ ትነፋለች።

"ልጄ፣ ምን ሆናችሁ?" አልኳት።

"ዝም ይበሉ፣ ጋሼ! ክንፈ ሊያስነጥስ ነው!"

ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ክንፈ አፍንጫውን ጨማደደ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ አስነጠሰ። ምሁራኑ ተነስተው ተቃቀፉ። ሦስት አራቱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ "ይማርህ" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ማነው የተናገረው?"

"ማንም አይደል። አንድ ሰው ነው።"

"ጥናቱን በከለ! ያዙት!"

ሁለት በጎች የደንብ ልብስ ለብሰው መጡና ክንዴን ያዙኝ። "እኔ ይማርህ ያልኩት ብዙ ዘመን ነው" አልኳቸው። አንደኛው በግ "እሱን ለዩኒቨርሲቲው ንገር" አለኝ። ድምፁ የዕድራችንን ዳኛ ይመስላል።

ዩኒቨርሲቲው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር። ተማሪዎች መጽሐፍ በጆንያ ተሸክመው ይሰለፋሉ። ወፍጮው ይፈጫል፤ በታች ነጭ ዱቄት ይወርዳል፤ ዱቄቱን የቀመሰ ይመረቃል። ፈጪዋ ሽፋሽፍቷ ዱቄት የሸፈነው ትልቅ ሴት ናት። ከፊቷ ሚዛን ተሰቅሏል።

"ምን ያህል ትወዳታለህ?" አለችኝ።

"ማንን?"

"ብርዛፍን ነዋ። አስቀምጥና እንየው።"

ከኔ በፊት ክንፈ ነበር። እንዴት እንደቀደመኝ አላውቅም፤ መቼም ይቀድመኛል። እንባውን በቁና ለክቶ አምጥቷል። ሞልቶ ይፈሳል። ፈጪዋ ሚዛን ላይ ስታደርገው ሳህኑ መሬት ነካ። ተሰላፊው ሁሉ አጨበጨበ። ክንፈ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ።

"ያንተስ?" አለችኝ።

"ውስጥ ነው።"

"ውስጥ ያለ አይፈጭም።"

"አንድ ነገር አውቃለሁ" አልኳት። "በሁለተኛው ስንኝ መካከል ትተነፍሳለች። ትንፋሿ አጭር ነው፤ ሰው አይሰማውም። እኔ እዚያ ላይ አብሬያት እተነፍሳለሁ። ክንፈ ግን እዚያ ላይ ያጨበጭባል። ዘፈኑ ያለቀ ይመስለዋል።"

ፈጪዋ ወንፊቷን አስቀመጠች። "ይህን አሳየኝ" አለች። ሚዛኑ ላይ ተነፈስኩበት። ሳህኑ ውልፍት አላለም።

"ግርጌ ይግባ" አለች።

በጎቹ ወደ አንድ ሜዳ ወሰዱኝ። ሜዳው ወረቀት ነበር። ከላይ የክንፈ ታሪክ ተጽፎበታል፤ ፊደሉ የግራር ዛፍ ያህላል። ከሥር መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ በታች ሰዎች ተጋድመዋል።

"እዚህ ተኛና ትንሽ ሁን" አለኝ በጉ።

"ምን ሆኜ?"

"የግርጌ ማስታወሻ። የሚያነብህ ከመጣ አጭር ሁን። ካልመጣም አትሳል።"

ተኛሁ። ቀና ስል የክንፈን ጫማ ሶል አየሁ፤ በግራ በኩል ተበልቷል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ከጎኔ ወፈር ባለ ፊደል አንዲት አሮጊት ተጋድመዋል።

"አንተ ማነህ?" አሉኝ።

"ድንበሩ። እርስዎስ?"

"የፎርማኑ አማት ነኝ። በራዲዮ ተጠርቻለሁ" አሉና ወደኔ ዞር አሉ። "እ! አንተ ነህ እንዴ ያ ያልተጠራኸው?"

"ነኝ።"

"ምን አደረግከው፣ ልጄ? ውሻው እንኳ ከላይ ነው።"

እውነት ነው፤ ቡቺ ከመስመሩ በላይ፣ በሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀምጦ ጅራቱን ይቆላል። አየኝ። ጅራቱን መቁላት አቆመ። ያን ጊዜ ከአፌ ክፉ ቃል ወጣ። በሕልም የተባለ ስለሆነ አልደግመውም። ሰው በውሻ ይቀናል ወይ የሚል ካለ፣ ይቀናል።

ዝናብ መጣ። ከመሬት ወደ ላይ ነበር የሚዘንበው። ፊደሉን አጠበው፤ የክንፈ ታሪክ እየተንጠባጠበ ወደ ሰማይ ሄደ። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ አልነካኝም። ተነስቼ ሮጥኩ። ጉልበቴ አልታመመኝም፤ ሕልም መሆኑን ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

መጠለያ ብዬ አንድ ድንኳን ውስጥ ገባሁ። የለቅሶ ድንኳን ነበር። ለቅሶ የተቀመጡት ዘፋኞች ናቸው፤ ሁሉም ከሰል ለብሰዋል፣ ከሰሉ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ኮቴን ጨብጦ የለቀቀኝ ያ ወፍራም ዘፋኝ ደረቱን ይደቃል።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"አንድ አድማጭ።"

"ስሙ ማነው?"

"አይታወቅም። ጥሩ ይሰማ ነበር።"

ደረቴን ዳበስኩ። ልቤ ትመታለች። ቢሆንም እርግጠኛ አልሆንኩም። "እግዜር ያጽናችሁ" አልኳቸውና ከንፍሮው ቆነጠርኩ። ንፍሮው የኔ ከሆነ ጨው ጎድሎታል።

በድንኳኑ ወዲያኛው ጫፍ ማይክራፎን ቆሟል። አቅራቢዋ የድሮዋ ናት፤ ድምፅዋን አወቅኩት።

"ውድ ዘፋኞቻችን፣ እነሆ የአድማጭ ምርጫ ሰዓታችን ደረሰ" አለች። "ዛሬ የሚሰማትን አድማጭ የምትመርጠው ዘፋኝ ብርዛፍ ደሳለኝ ናት።"

ብርዛፍ ወጣች። እንደ ሠራተኞች ቀን ወጣት ነበረች። የለበሰችው ግን የኛን የፋብሪካ ቱታ ነው፤ ፀጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ አለ። ክንፈ ማንም ሳይጠራው መድረክ ላይ ወጣ። ከረባቱን አስተካከለ። ምሁራኑ ድንኳኑን ቀደው ገቡ፤ ቢጫውም ቀዩም ባንድነት "ክንፈ! ክንፈ!" ይላሉ። እኔ ከምሰሶው ኋላ ቆምኩ።

"አንድ አድማጭ መርጫለሁ" አለች ብርዛፍ።

ክንፈ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እንባውም መጣ። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ምሁራኑ ሊጣሉ ተነሱ።

"ቁጭ በል፣ ክንፈ" አለችው።

ክንፈ መድረኩ ላይ ቁጭ አለ። መላ ሕይወቴን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

"እኔ በምተነፍስበት ቦታ አንድ የማያጨበጭብ ሰው ነበር" አለች። "ሁልጊዜ ከኋላ ይቆማል። ፋብሪካው ግቢ ስዘፍን አየሁት። ከዚያ በኋላ ባላየውም እንዳለ አውቅ ነበር። የምዘፍነው ለሱ ነበር። ስሙንም ዛሬ እጠራዋለሁ።"

ከምሰሶው ኋላ ወጣሁ።

ብርዛፍ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም።

ሰው ሁሉ ግን ሰማ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ምላሳቸውን አየሁ፤ እልልታውን አልሰማሁም። ምሁራኑ ሻርፓቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ክንፈ ከመድረኩ ወርዶ እጁን ዘረጋልኝ፤ እሱም የሆነ ነገር ይለኛል።

"አልሰማሁም!" ብዬ ጮህኩ። "ብርዛፍ፣ ድገሚው! አልሰማሁም!"

ከንፈሯ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። ምሰሶው ይወዛወዝ ጀመር። ድንኳኑ ይናጋል። አንድ ሰው ከውጭ በቡጢ ይመታዋል፣ ይመታዋል።

ነቃሁ።

የሚመታው የቤቴ በር ነበር። በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ ነው ያወቅኩት፤ መቀርቀሪያው ይዘላል። ተነስቼ ከፈትኩ። የክንፈ ሚስት ይመናሹ ቆማለች። ከኋላዋ የግቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ይመናሹ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ሕልሙ ያላለቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጥጡ ትዝ አለኝ። ዞር ብዬ፣ ፊቴን የማብስ መስዬ ከሁለቱም ጆሮዬ ነቀልኩት።

"...ከነአባትዎ! ጋሽ ድንበሩ፣ ከነአባትዎ እኮ ነው የጠራዎት!" ትላለች።

"ማን?"

"ክንፈ ነዋ! አሁን፣ በራዲዮ! ሰሙት አይደል? ዶክተሯ ዘፈኑን ለማን ይጋብዛሉ ስትለው፣ 'ለድንበሩ ወልደሰንበት' አላት። ሌላ ሰው አልጠራም፤ እኔን እንኳ አልጠራም፣ የኔ ነገር ይቅር። 'ብርዛፍን ያሰማኝ ድንበሩ ነው' አለ። 'እስከ ዛሬ ስሙን ያልጠራሁት ቅናት ይዞኝ ነው' አለ።"

"ምን ይዞት?"

"ቅናት! 'እኔ ማልቀስ ነው የማውቅ፣ የሚሰማት እሱ ነው፤ ስሙን ከጠራሁ የሱ ትሆናለች ብዬ ፈራሁ። ለቅሶ መጥቶ እግዜር ያጽናህ ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ' አለ። እንዴት እንዳለቀሰ! ይህን ለቅሶውን እንኳ እኔም አምኜዋለሁ።"

"ዘፈኑስ?" አልኳት።

"አለቀ። አሁን የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ነው።"

"ይደግሙታል?"

"በቀጥታ የሄደ እኮ ነው፣ ጋሽዬ፤ ከየት ይደገማል" አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "እሱ አሁን ይመጣል። ገና በር ላይ ሳለ ሰማ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ምን ልበለው?"

ጥጡን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት።

"ሰማ በይው" አልኳት።